የጾሙ ፓስታ እና የእንቁላሉ ቅርፊት

ዘመሮ፣ የካቲት 24 ቀን 2000 ዓ.ም.፣ ሰኞ

አባ ተክለጻድቅ «ዘንድሮ ከሥጋና ከቅቤው ይልቅ ምላስሽን ጹሚልኝ» አሉኝ። የንስሐ አባቴ ናቸው፣ እምቢ አይባሉም። ምላሴ አገር ያወቀው ነው። አምና በዚህ ጾም ከበርበሬ ነጋዴዋ ተጣልቼ፣ ከውሃ ቀጂዎቹ ተጣልቼ፣ በሆሣዕና ዕለት ዘንባባ ከሚያድለው ልጅ ሳይቀር ተጣልቼ ነው ፋሲካ የደረሰልኝ። ስለዚህ «እሺ አባቴ» አልኩ። ምላሴ ይጹም። እጄን ግን ማንም አልገዘተውም። ልጄ የምሥራች ካምና የተረፋት ደብተር አለ፣ የምናደድበትን ሁሉ እሱ ላይ እዘረግፋለሁ።

የዛሬው ንዴት ዘይት ነው። የኑግ ዘይት ጠፍቷል። ባለሱቁ ሁሉ «ነገ ይመጣል» ይላል፣ ነገ ሲሆን የሚመጣው ዋጋው ብቻ ነው። ዘይት ከሌለ ፓስታ የለም፣ ፓስታ ከሌለ እኔ የለሁም።

የካቲት 26

ቸኩያለሁ። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ መምህራኑም የመንግሥት ሠራተኛውም በአንዴ ምግብ ቤቴ ይገባል፣ ሁሉም ጾሞ ውሎ ዓይኑ ቀልቷል። ፓስታው አለቀ፣ ሽሮው ተረፈ። በዚህ ከተማ እንዲህ ያለ ነገር ታይቶ አያውቅም። እቃ የሚያጥቡልኝ እማማ አስካለ ማርያም አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ ዋሉ። ጓደኛዬ አዛለች ካሮቱን ከትፋ ሰጠችኝ። እሷ ባትኖር ምን ይውጠኝ ነበር።

የካቲት 30፣ ቅድስት እሑድ

ዛሬ ትንሽ ዐረፍ ብያለሁ፣ ልጻፍ።

ሰው «ፓስታ መቀቀል ምን ዕውቀት አለው» ይላል። ይምጣና እዚህ ይቀቅል! እኛ አገር ውሃ ይፈላል እንጂ አያበስልም። መርሐቤቴ ቆላ፣ የመንገድ ሠራተኞች ካምፕ ውስጥ ወጥ ቤት ስሠራ ፓስታው ድስት ውስጥ ገብቶ ሳይቆይ ይደርስ ነበር። እዚህ ደጋ ላይ ያንኑ ያህል ጠብቄ ሳወጣው መሃሉ ጥሬ፣ ጨምሬ ስጠብቀው ላዩ ገንፎ። ስንቱን ለውሻ ደፍቼ ነው ዘዴውን ያገኘሁት። መጀመሪያ ካሮቱና ድንቹ በጨው ውሃ ይቀቀላሉ። እነሱ ሲወጡ ፓስታው በዚያው ውሃ ይገባል፣ የአትክልቱን ጣዕም ይጠጣል። ልቡ ገና ጠንከር እንዳለ ይጠለላል። ሽንኩርቱ በዘይት ቁልጭ ብሎ ሲበስል ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ከመቀቀያው ውሃ አንድ ጭልፋ፣ ከዚያ ፓስታው ተጨምሮ ተከድኖ እዚያው ይጨርሳል። ጥቅል ጎመኑና ቃሪያው መጨረሻ ላይ ነው የሚገቡት፣ እሳት ሰላም ብሏቸው ብቻ ይውጡ። ከዚያ ከገደሉ አፋፍ የለቀምኩት ደረቅ ጦስኝ፣ በሁለት ጣት ቆንጠር።

ለብቻው ምሳ ነው። ከሽሮ ጎን እንጀራ ላይ ሲቀመጥ ማባያ ነው። ሲቀዘቅዝ ሎሚ ጠብ ይደረግበትና ሰላጣ ነው። ያደረው ዳቦ ውስጥ ገብቶ የሾፌር ስንቅ ነው። በፍስክ ደግሞ ከጥብስ ጎን ይቆማል። እንደ ጥሩ ሚዜ የትም ብታስቀምጠው አያሳፍርም።

ጦስኙን ለማንም አልተናገርኩም። ለአዛለች ብቻ። አዛለች አበልጄ ናት፣ የምሥራችን ክርስትና ያነሳችልኝ እሷ ናት። ባሌ «ሥራ ልፈልግ» ብሎ አዲስ አበባ ገብቶ እዚያው ሌላ ትዳር የመሠረተ ጊዜ፣ ሰው ሁሉ በበራፌ ሲያልፍ አንገቱን ሲያዞር፣ ገብታ አብራኝ ያለቀሰች እሷ ናት። አሁን ጠላዋ አልሄድ ብሏታል፣ በጾም ማን ይጠጣል። እየመጣች ታግዘኛለች፣ እኔም ከድስቱ አካፍላታለሁ። ዛሬም «አንቺማ ማን አለብሽ!» አለችኝ። ስሜን ለሁለት ከፍላ መጥራት ትወዳለች። ሳቅን።

ትጠይቃለች ደግሞ። ውሃው ስንት ጭልፋ፣ ጎመኑ መቼ፣ ክዳኑ ይከፈት ይዘጋ። ደስ ይለኛል ሰው ሲጠይቀኝ። ጋሼ ገብረ ክርስቶስ ቤቱን እስከ መቼ እንዳከራዩኝም ጠየቀችኝ። «እስከ ፋሲካ ነው፣ ከዚያ እናድሳለን» አልኳት። «ሰውየው እኮ ሃይማኖተኛ ናቸው፣ እንዳታስቀይሚያቸው» አለችኝ። የምታስብልኝ ሰው ማግኘቴ።

መጋቢት 5

ዶሮ ጾም አታውቅም። የአዛለች ዶሮዎች ዘንድሮ እንቁላሉን ይጥሉታል ይጥሉታል። ለፋሲካ ገበያ ልታጠራቅም ብላ አይጥ አስቸገራት። «ጓዳሽ ላስቀምጥ?» አለችኝ። በቅርጫት፣ በገብስ ገለባ ሸፍና አመጣችው፣ ከመደርደሪያው ሥር አስገባነው።

እማማ አስካለ አይተው አፋቸውን በነጠላ ያዙ።

«የጾም ምግብ በሚሠራበት ጓዳ፣ ልጄ?»

«ጥሬ ነው እማማ። ማን ሊበላው ነው?»

ዝም አሉ። እሳቸው ሁልጊዜ ዝም ነው። ዘንድሮማ ጭራሽ ብሶባቸዋል።

መጋቢት 9

ዜና! የምርጫ አስፈጻሚዎች ስልጠና እዚሁ ከተማ ሊሰጥ ነው፣ ምሳው ለኔ ተሰጠ። ከቀየትም ከራቤልም ሰው ይመጣል። ጋሼ ገብረ ክርስቶስ ሰምተው «ይህን ካሳመርሽ ቤቱን ለዓመት አድሼ በጎን ያለችውን ክፍልም እጨምርልሻለሁ» አሉኝ። እጃቸውን ልስም ምንም አልቀረኝ።

ደስታው እንዳለ ሆኖ፣ ይህ ቤት ከእጄ ከወጣ እኔና የምሥራች ወንድሜ ጋ ገጠር መግባታችን ነው። እኔስ ገብስ ማጨዱን አልረሳሁትም። እሷ ግን ስምንተኛ ክፍል ናት፣ ከዚያ ወዲያ ገጠር ትምህርት ቤት የለም። ስለዚህ ፓስታው ማማር አለበት። ሌላ መንገድ የለም።

መጋቢት 16

የመጀመሪያው ቀን። በላ ሰው! ጭማሪ የጠየቁ አሉ። የራቤሉ ሰውዬ «ምን ብትጨምሪበት ነው?» አለኝ። «ትዕግሥት» አልኩት። እግሬ አብጧል። አዛለች ነገ ሳህን አቅርቤ አግዝሻለሁ አለች። ልተኛ።

መጋቢት 17

ጽሑፌን ራሴም እንኳ ማንበብ አልቻልኩም።

ሁለተኛው ቀን ነው። ሁሉም ነገር ልክ ነበር። እኔ ድስቱ ጋ፣ እማማ አስካለ ገንዳው ጋ፣ አዛለች ከጓዳ ወደ አዳራሹ ሳህን እያመላለሰች። ዲያቆን አንዷለም፣ የአንደኛ ደረጃ መምህሩ፣ በር አጠገብ ተቀምጧል። ጎረሰ፣ አኘከ፣ ቆም አለ። ከአፉ አንድ ነገር አውጥቶ መዳፉ ላይ አስቀመጠ።

«ጠጠር መስሎኝ ነበር» አለ።

የእንቁላል ቅርፊት።

 ሁሉም በአንዴ ጮኸ። አንዱ «ለካ ፓስታው ቢጫ የሆነው!» ይላል። የካሮት ቀለም ነው እኮ፣ እናንተ ሰዎች፣ ካሮት! ሌላው «ጓዳው ይታይ» አለ። ገቡ። ከመደርደሪያው ሥር ቅርጫቱን ጎትተው አወጡት። ገለባው ሲገለጥ እንቁላሉ ፍጥጥ ብሎ አየን።

ወደ አዛለች ዞርኩ። በሁለት እጇ ሳህን ይዛ ቆማለች። «የኔ ነው፣ እኔ ነኝ ያስቀመጥኩት» እስክትል ጠበቅኩ። መሬት መሬት ታያለች። ደንግጣለች ምስኪን፣ ቃል ከአፏ አልወጣ አለ። እኔም ዝም አልኩ። ሁለታችን ለምን እንቃጠል? አበልጄን በሰው ፊት አሳልፌ አልሰጥም።

አንዷለም «ሳላውቅ ነው፣ እሱ ያውቃል» ብሎ ተነሳ። እጁን እንኳ ሳይታጠብ ወጣ። የመቅደስ አገልጋይ ነው። በዐቢይ ጾም፣ በኔ ቤት፣ ከኔ ድስት አስገደፍኩት። እንዴት ገባ? ማታውን ሙሉ ድስቱን በዓይነ ልቦናዬ ባዶ አደርገዋለሁ፣ መልሼ እሞላዋለሁ። እንዴት ገባ?

መጋቢት 18

ስልጠናው ምሳውን ወደ ሌላ ቤት ወሰደ። ዳቦና ሻይ ነው አሉ የሚበሉት። አትክልቱ ተከትፎ ቀረ። ካሮቱን ለጎረቤት በግ ሰጠሁት። በጉ በላ። እሱ አልፈራም።

መጋቢት 19

አንድም ሰው አልገባም። አዛለች ብቻ። ቅርጫቷን በነጠላዋ ሸፍና ወሰደችው። «እንዳይሰባበርብኝ ብዬ ነው» አለች። እንቁላሉ የሷ መሆኑን ለሰው ስለ መናገር አላነሳችም፣ እኔም አላነሳሁባትም። ቀስ ብላ ራሷ ትናገራለች።

መጋቢት 21፣ ደብረ ዘይት

የእመቤታችን ማኅበር ነበር። የጾም ድፎ ዳቦ ጋግሬ፣ በንጹህ ጨርቅ ጠቅልዬ ይዤ ሄድኩ። ተቆረሰ። ዳቦው መሃል ላይ ተቀመጠ። ሴቶቹ የየራሳቸውን ንፍሮ ይቆጥራሉ። አንዷ «ጠግቤያለሁ»፣ አንዷ «ጥርሴን አሞኛል»። እሷ ጥርስ የላትም እኮ!

አዛለች ግን ሁሉም እያያት እጇን ዘርግታ ቁራሽ አነሳች። ልቤ ተነካ። አፏ ውስጥ ስታስገባ አላየኋትም፣ ነጠላዋ እጥፋት ውስጥ ነው የከተተችው። ለኋላ አስቀምጣው ይሆናል።

ስንወጣ ከበስተኋላዬ አንዷ ለሌላዋ ስትል ሰማሁ፦ «ከቤቷ የሚገባው ሰው አይደለ የነገረን። ከውጭ የመጣ ወሬ አይደለም።»

ከቤቴ የሚገባው ማን ነው? እማማ አስካለና አዛለች ናቸው። ስለዚህ እማማ አስካለ ናቸው።

መጋቢት 24

እማማ አስካለን አሰናበትኳቸው። ልጻፈውና ይውጣልኝ።

አዛለች ትናንት «ዓይናቸው ደክሟል። እንቁላል ነክተው ሳይታጠቡ ሳህን ነክተው ይሆናል። ደሞ ቂም አላቸው፣ ቅርጫቱን ያዩ ቀን እንዴት እንዳዩሽ አላየሽም?» አለችኝ። አይቻለሁ። እውነት ነው፣ አዩኝ።

ጠዋት ሲመጡ በር ላይ ቆሜ ጠበቅኳቸው። «እማማ፣ ከዚህ ጓዳ ወሬ ያወጡት እርስዎ ነዎት?» አልኩ። መልስ የለም። «ቅርፊቱስ? የርስዎ እጅ ነው?» ዝም። ቁመው ያዩኛል። ዝምታቸው ከስድብ ይብሳል። «ባጎረስኩ ተነከስኩ!» ብዬ ጮኽኩባቸው። ያጎረስኳቸው ሽሮ ከጉሮሯቸው የሚወጣ ይመስል።

ሽርጣቸውን ፈቱ፣ አጠፉት፣ ድንጋዩ ላይ አስቀመጡት።

«ይሁን ልጄ» አሉ። «ጾሙ ይውጣና እንነጋገራለን።»

ንጹህ ሰው «አላደረግኩም» ይላል። እሳቸው ግን ቀጠሮ ሰጡኝ። ይህ ጥፋትን ማመን ካልሆነ ምንድን ነው?

ልክ ነው ያደረግኩት። ልክ ነው። አዛለችም ልክ ነው ብላኛለች።

መጋቢት 26

እቃ ሳጥብ ዋልኩ። የሚታጠብ እቃ ኖሮ አይደለም።

መጋቢት 29

አባ ተክለጻድቅ ሆይ፣ ይፍቱኝ። ምላሴ ፈሰከ።

የገበያ ቀን ነው። አዛለች «ሙሉቀን ባንቺ ነገር ሲስቅ አየሁት፣ አስካለን የላካት እሱ ይሆናል» አለችኝ። ሙሉቀን በላይኛው ሰፈር ትልቅ ቤት አለው። ደሜ ፈላ። በገብስ ተራ ሳገኘው ጆንያው መሃል አቁሜ ያልኩትን አልኩት። ሌባ አልኩት፣ ቀናተኛ አልኩት፣ ዲያቆን አስገዳፊ አልኩት። በግ ሻጩ በጉን ትቶ መጣ።

ሰውየው እንባ በዓይኑ ሞላ። «ማናለብሽ» አለኝ፣ «የኔ ቤት እኮ ሥጋ ቤት ነው።»

ጾሙን ሙሉ ዝግ ነው። ማንም ጾመኛ ወደሱ ቤት አይሄድም፣ የኔ ቤት ቢዘጋ እሱ ምንም አያገኝም። አገር የሚያውቀውን ይህን እኔ እንዴት ሳላስብ ቀረሁ? ሰው ከበን እየሳቀ ነው።

«ምሳዬን አንቺ ጋ ነበር የምበላው» አለ። «ከዚያ ወዲህ ቆሎ ነው።»

መጋቢት 30

ዛሬ ምንም አልጽፍም። አፍሬያለሁ።

ሚያዝያ 3

ጋሼ ገብረ ክርስቶስ መጡ። ወንበር ሰጠኋቸው፣ አልተቀመጡም። ውሃ አቀረብኩ፣ አልጠጡም። ከኔ ብርጭቆ ውሃ እንኳ።

«ቤቴ ስሙ ጠፋ» አሉ። «ዲያቆኑ እስከ ዛሬ ከቅዳሴ ታግዶ ንስሐ ላይ ነው። ገበያ ላይ ደግሞ ሰው አዋረድሽ። ከፋሲካ በኋላ ሌላ ሰው ይገባበታል። የጾም ሰው ነው፣ ደግ ሰው ነው።»

ማን እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም። ምን ይጠቅመኛል ብዬ። ለመንኳቸው ግን። ስለ ልጄ ብዬ ለመንኳቸው። ሰውየው ደግ ናቸው፣ ዓይናቸውን አዞሩ፣ ሀሳባቸውን ግን አላዞሩም።

አዛለች ስነግራት እንደኔ አልደነገጠችም። ልቧ ጠንካራ ነው። «እግዜር ያመጣው ነው» አለች። «ብረት ድስቶቹንስ ምን ታደርጊያቸዋለሽ?»

ሚያዝያ 6

ትናንት ምርጫ ነበር። ተሰልፌ መረጥኩ። ከፊቴ የነበሩት ሁለት ሴቶች ወሬያቸውን ስደርስ አቆሙ። የምሥራች «እማዬ፣ ገጠር ከገባን ዘጠነኛ ክፍልን እንዴት እማራለሁ?» ብላ ጠየቀችኝ። ማስተማር እችላለሁ አልኳት። ምኑን ነው የማስተምራት? ፓስታ ማብሰል?

ሚያዝያ 17፣ ስቅለት

ከስግደት በኋላ አባ ተክለጻድቅ እኔንና ሙሉቀንን በዋርካው ሥር ጠሩን። «ጌታ የተሰቀለበት ቀን ነው፣ ቂም ይዛችሁ ፋሲካ አትገቡም» አሉ። ጉልበቴ ከስግደቱ የተነሳ አልታጠፍ ብሎኝ ነበር፣ ቢሆንም ሄጄ እግሩ ላይ ወደቅኩ። «ተነሺ፣ ተነሺ እንጂ!» ብሎ በሁለት እጁ አነሳኝ። «ይቅር ለእግዚአብሔር» አለ፣ ሳይጠየቅ። ይህ ሰው የሥጋ ነጋዴ ነው፣ ልቡ ግን የሕፃን ነው። ሰደብኩት እኮ።

አዛለች ከኋላዬ ቆማ በነጠላዋ ዓይኗን ትጠርግ ነበር። ለኔ አዝና ነው ማለት ነው። የምሥራችን ልትስማት ስትል ግን ልጄ ወደ ጎን ሸሸት አለችባት። «ስለ ቅርጫቱ ለምን አትናገርም?» አለችኝ ቤት ስንገባ። «ዝም በይ፣ የክርስትና እናትሽ ናት» ብዬ ተቆጣኋት።

ሚያዝያ 19፣ ፋሲካ

እማማ አስካለ መጡ።

ዶሮ የሚያርድልን ሰው ስላልነበረ ሙሉቀን ከሱቁ ሥጋ ልኮልን ነበር፣ እሱን እየቀቀልኩ ነው። በሩ ተንኳኳ። ሙልሙል ዳቦ ይዘው ቆመዋል። «እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰሽ» አሉ። እንዲገቡ መንገድ ለቀቅኩ። ተቀመጡ። ዳቦውን ቆረሱ፣ ለየምሥራች ሰጡ፣ ለኔ ሰጡ፣ ራሳቸው ቀመሱ። ጾም መፍታታቸው ነው። ከዚያ ተናገሩ።

«አሁን ልንገርሽ። ያን ቀን አዛለች ከቅርጫቱ አንድ እንቁላል አነሳች። በጓሮ በር ወጥታ ሰበረችው፣ ውስጡን ለውሻው ደፋችው። ቅርፊቱን በጣቷ ፈርፍራ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረች። ለዲያቆኑ ሳህን ስታነሳ ፈታችው። ገንዳው ጋ ነበርኩ፣ ፊት ለፊቴ።»

«ተሳስተው ይሆናል» አልኩ። ይህን ነበር ያልኩት! አሁንም ለሷ ነበር የምከራከረው።

«ዓይኔ ደክሟል ብላሻለች፣ ሰምቻለሁ። አልደከመም።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«ለእመቤቴ ተስዬ ነበር። በዚህ ጾም የሰው ክፉ ከአፌ እንዳይወጣ። ባለፈው ዓመት በኔ ወሬ ሁለት ጎረቤታሞች ተጣልተው አንዱ ሳይታረቅ ሞተ። ስለዚህ ተሳልኩ።»

«እኔ ሳባርርዎትስ? ‹አላደረግኩም› ማለት ያቅታል?»

«‹እኔ አይደለሁም› ካልኩ ‹እሷ ናት› ማለቴ አይደል፣ ልጄ? ከሁለታችን ሌላ በዚያ ጓዳ ማን ነበረ?»

ተናደድኩ። በሳቸው ተናደድኩ፣ እውነቱ ይህ ነው። የሳቸው ስለት ተጠበቀ፣ የኔ ቤት ፈረሰ። ልጄ ከትምህርት ልትወጣ ነው፣ እሳቸው ግን አፋቸው ንጹህ ነው። ይህን ሁሉ ፊት ለፊት ነገርኳቸው። ጎንበስ ብለው ሰሙኝ። «እሱንም ለንስሐ አባቴ እናገራለሁ» አሉ። ከዚያ በበር ቆሜ ያልኳቸው ነገር ትዝ አለኝ፣ ድንጋዩ ላይ የታጠፈው ሽርጥም። መናደዱን አልጨረስኩትም፣ ግን ተቀመጥኩ። ሥጋው አረረ።

ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ። ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ፣ ስለ ሌላ ሰው።

ሚያዝያ 20

ጻፍኩትና አነበብኩት። ከመጀመሪያው አነበብኩት። ውሃው ስንት ጭልፋ። ቤቱ እስከ መቼ። ብረት ድስቶቹን ምን ታደርጊያቸዋለሽ። በገዛ እጄ ነው የጻፍኩት፣ ቀን በቀን፣ እያመሰገንኳት። የምሥራች እንኳ ገብቷት ነበር።

ስለ ፓስታው አይደለም የሚያንገበግበኝ። ያለቀሰችልኝ ለቅሶ ነው። ባሌ የሄደ ጊዜ ያለቀሰችው እውነት ነበር? በስቅለቱስ?

ሚያዝያ 22

ወደ አባ ተክለጻድቅ ሄድኩ። አዳመጡኝ። «ምስክሯ ያባረርሻት ሴት ናት፣ ሰው ምን ይላል?» አሉ። «ሙሉቀንንም በእርግጠኝነት ነበር የሰደብሽው።»  በምላሴ ምክንያት እውነቴ እንኳ አይታመንም። ወደ ጋሼ ገብረ ክርስቶስም ሄድኩ። ውሉ አልቋል፣ ነገ ልቀቂ አሉኝ። ለማን እንደሆነ አሁን ጠየቅኳቸው።

«ለአበልጅሽ ነው እኮ» አሉ ተገርመው። «አልነገረችሽም? እኔማ ተስማምታችሁ መስሎኝ።»

ሚያዝያ 23

ቤቱን ለቀቅኩ። ትምህርት እስኪዘጋ እማማ አስካለ ጋ ገብተናል። ሌላ በር የከፈተልኝ የለም። አንድ ክፍል ናት፣ ሦስት ሆነን እንተኛባታለን። እሳቸው ይጸልያሉ፣ እኔ እናደዳለሁ፣ የምሥራች ታጠናለች። ብረት ድስቶቼን አልጋ ሥር አስገባኋቸው። ለሷ አልሸጥኩላትም። ሰው ልካ ነበር።

ሚያዝያ 26፣ ዳግም ትንሣኤ

አዛለች ዛሬ ከፈተች።

አልሄድም ብዬ ነበር። ከቅዳሴ ስወጣ እግሬ በዚያ በኩል ወሰደኝ። በሩ ላይ አዲስ መጋረጃ ተሰቅሏል። ውስጡ ሞልቷል። መምህራኑ አሉ፣ ጋሼ ገብረ ክርስቶስ አሉ፣ ከማኅበሬ ሴቶች ሁለቱ አሉ። ዲያቆን አንዷለም ንስሐውን ጨርሶ ተመልሷል፣ በር አጠገብ ተቀምጧል። ስገባ ሹክሹክታው ቆመ። ባዶ ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ። እንደ ማንም ደንበኛ «ፓስታ በአትክልት» አልኩ።

ራሷ ይዛ መጣች። ሳህኑን ስታስቀምጥ «አበልጅ፣ እንኳን አደረሰሽ» አለች፣ ሰው እንዲሰማ ጮክ ብላ። ድምጿ አልተንቀጠቀጠም። 

ጎረስኩ። የኔ ነው። ካሮቱ አልፈረሰ፣ ጎመኑ አልጠወለገ፣ ልቡ ልክ ነው። የጎደለው የለም። አንድ ነገር ቢጎድለው እንዴት ደስ ባለኝ! እያኘክሁ ዕንባዬ መጣ፣ ዋጥኩት፣ አብሮ ወረደ።

«እንዴት ነው?» አለች። መጠየቋ! ሁሉም እያየ ነው።

«ጥሩ ነው» አልኩ። ድምፄን ከፍ አላደረግኩም፣ ቤቱ ጸጥ ስላለ ግን ሁሉም ሰማው። «ግን አዛለች፣ ጾሙ እኮ ወጣ። ዛሬማ ቅርፊቱን ትተሽ እንቁላሉን ጨምሪበት እንጂ።»

የአንዷለም እጅ አፉ አጠገብ ቆመ። ቀስ ብሎ ሳህኑ ላይ መለሰውና አዛለችን አያት። «ምን ማለቷ ነው?» ትል ይሆናል፣ ትስቅ ይሆናል፣ ትሰድበኝ ይሆናል ብዬ ነበር። ምንም አላለችም። እጇን ወደ ነጠላዋ ጫፍ ሰደደች፣ መልሳ አወረደችው። ዓይኗ መሬት መሬት ያያል። ጋሼ ገብረ ክርስቶስ ከወንበራቸው እየተነሱ «አዛለች?» አሉ።  እኔ ለምግቡ የሚገባውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ወጣሁ። ከኋላዬ ወንበሮች ሲንቋቁ ይሰማኝ ነበር።

መንገድ ላይ ሳቄ መጣ። ቶሎ ቶሎ ተራመድኩ። የአንዷለም ዓይን እንዴት እንደፈጠጠ፣ ጥርስ የሌላት ማኅበርተኛዬ አፏን እንዴት እንደከፈተች፣ ያቺ ፊቷ እንዴት አመድ እንደሆነ፣ ይህን ሁሉ ለሰው ሳልናገር ልፈነዳ ነበር። እማማ አስካለ የሰው ክፉ አይሰሙም። የምሥራች ልጅ ናት፣ አይነገራትም። ለማን እንደምነግር እያሰብኩ ሳላውቀው መገንጠያው ላይ ወደ ግራ ታጥፌያለሁ።

ቆምኩ። እንዲህ ያለ ነገር የገጠመኝ ቀን ሁሉ የምሮጠው ወደ አዛለች ቤት ነበር።